የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ አጭር የሕይወት ታሪክ

ከወልቂጤ ተነሥቶ የግቤን ሸለቆ አቋርጦ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ጅማ ያደርሳል። በዚያች ከተማ በ1914 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን፣ ማለት በዕለተ እንቁጣጣሽ፣ አንድ ሕፃን ተወለደ። ስሙም ይድነቃቸው ተባለ። ይህ ሕፃን አድጎ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ስመ ጥር አጥቂ፣ ቀጥሎም አሠልጣኝ፣ በመጨረሻም የአፍሪካ እግር ኳስ መሪ ሊሆን ነው።

የእግር ኳስ ጨዋታ በትምህርት ቤታችን ምን ያህል እንደሚወደድ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። የማታው ደወል ከተደወለ በኋላ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ሜዳ የሌለበት ሰፈር ቢኖር እንኳ ኳስ የማይጠለዝበት ሰፈር የለም። እውነተኛ ኳስ ሲጠፋ ጨርቅ በካልሲ ጠቅልሎ በሲባጎ ማሰር የማንም ልጅ ሙያ ነው። ነገር ግን ከእኛ ብዙዎቻችን አጥቂ ማለት ኳሱን ይዞ የሚሮጥና ጐል የሚያገባ ብቻ ይመስለናል። የአቶ ይድነቃቸውን ታሪክ ለመጻፍ የመረጥኩት ስለዚህ ነው። እኒህ ሰው በሕይወታቸው የማጥቃትን ሥራ አንድ ጊዜ ብቻ ተምረው አልቀሩም። ዘመኑና ተቃራኒው በተለወጠ ቁጥር እንደ ጀማሪ ሆነው እንደገና መማር ነበረባቸው።

አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ ጀርመን አገር ተልከው የአውቶሞቢል ሥራ ተምረው የመጡ፣ እዚያም ሳሉ ዘፈናቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በግጥምና በጨዋታ አዋቂነታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። የልጅ ኢያሱም ወዳጅ ስለ ነበሩ የዘመኑን ደጉንም ክፉውንም አይተዋል። ልጃቸው ይድነቃቸው በኋላ ዘመን የአባታቸውን ታሪክና ግጥም ሰብስበው በመጽሐፍ ጽፈዋል። ስለዚህ አንደበተ ርቱዕነትና የሰው አገር ቋንቋ አለመፍራት በቤታቸው የነበረ ነገር ነው ብንል ስሕተት አይሆንም። ይህ ሀብት በወጣትነታቸው ከእግራቸው ያነሰ ጥቅም የሰጠ ይመስላል። ቆይቶ ግን ከእግራቸው የበለጠ ሠርቷል።

በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአራዳ ሰፈር አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች አንድ የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ። ስሙንም በሰፈሩ በሚገኘው ደብር ስም ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። አራዳ በዚያን ጊዜ የከተማው ትልቁ ገበያ ያለበት ነበር። ከጉራጌ አገር እየሄዱ በንግድና በጉልበት ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ የእኛ ሰዎችም በዚያ ገበያ ይውሉ ነበር። ይድነቃቸው ከዚህ ቡድን ጋር ሲገናኙ ዕድሜያቸው ገና 14 ዓመት ያህል ነበር።

ቡድኑ በተቋቋመበት ዓመት ግን የኢጣልያ ጦር አገራችንን ወረረ። በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተያዘች። ወራሪው መንግሥት በሕዝቡ ላይ ያደረሰውን ግፍ ሁሉ እዚህ ለመጻፍ ቦታው አይበቃም። ለእኛ ነገር የሚያስፈልገው ግን አንዱ ነው፤ ይኸውም ግፉ እስከ ኳስ ሜዳ ድረስ የገባ መሆኑ ነው። ኢትዮጵያውያን ከኢጣልያኖች ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይጋጠሙ ተከለከለ። ለአገሬው ሰው ስፖርት የተለየ መሥሪያ ቤት ቆመለት። የቅዱስ ጊዮርጊስ ስምም ተፍቆ ቡድኑ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር እንዲባል ተደረገ። ሊቶሪዮ ማለት ከፋሺስቶች ዓርማ የተወሰደ ስም ነው።

አንባቢ ይህን ነገር ትንሽ ቆም ብሎ ያስብበት። የ15 እና የ16 ዓመት ልጅ ነህ። ከሁሉ በላይ የምትወደው ነገር ኳስ መጫወት ነው። ከማን ጋር እንደምትጫወት የሚወስንልህ ግን የቆዳህ ቀለም ነው። የለበስከው ማልያ የሚጠራውም አገርህን በያዘው ጠላት ስም ነው። ያ ትውልድ ኳሱን ጥሎ ቤቱ መግባት ይችል ነበር፤ አልገባም። በተጫነባቸው ስም ሥር ሆነው ቡድናቸውን አቆዩ። ከዚህ በታች እንደምናየው አቶ ይድነቃቸው የሰውን ልጅ በቀለም የሚለይ ጨዋታን ሲቃወሙ ኖረዋል። እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ቁጣ ሥሩ ያለው በወጣትነታቸው በነዚያ 5 ዓመታት ውስጥ ነው።

በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነፃነቷን ባገኘች ጊዜ የቡድኑም ስም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ማጥቃት የሚባለው ነገር ለአቶ ይድነቃቸው ሌላ መልክ ያዘ። ቀድሞ የሚጋጠሙት ከወንድሞቻቸው ጋር ብቻ ነበር። አሁን ግን በአዲስ አበባ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች እያንዳንዳቸው ቡድን ነበራቸው፤ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድንም ነበሩ። በ1936 ዓ.ም. እነዚህና ቅዱስ ጊዮርጊስ ሆነው የመጀመሪያውን ሻምፒዮና ሲያደርጉ ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የአገሩ ሻምፒዮን ለመሆን እስከ 1942 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት።

ስለ ጨዋታው ስልት ጥቂት ልናገር፤ ኳስ የማይወዱ አንባቢዎች ይህን ክፍል ቢዘሉት አልቀየምም። በቀድሞ ዘመን አንድ ቡድን 2 ተከላካዮች፣ 3 አማካዮችና 5 አጥቂዎች አድርጎ ይሰለፍ ነበር። አጥቂው ብዙ ስለ ሆነ እያንዳንዱ ኳሱን ይዞ እስከ ቻለው ድረስ ይነዳል። በ1917 ዓ.ም. ግን የኦፍሳይድ ሕግ ተለወጠ። ቀድሞ ኳስ የሚቀበል አጥቂ በእርሱና በጐሉ መስመር መካከል 3 ተቃራኒዎች እንዲኖሩ ይገደድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ 2 በቁ። አጥቂዎች በቀላሉ ማግባት ሲጀምሩ እንግሊዞች የመሀሉን አማካይ ወደ ኋላ ስበው ሦስተኛ ተከላካይ አደረጉት። ከአጥቂዎቹም ሁለቱን ትንሽ ወደ መሀል መለሱ። አሰላለፉ ከላይ ሲታይ የላቲን ፊደሎቹን ደብልዩንና ኤምን ስለሚመስል ስሙ ደብልዩ ኤም ተባለ። በ1950 ዓ.ም. ብራዚሎች በስዊድን የዓለም ዋንጫን ሲወስዱ ደግሞ በ4 ተከላካይ፣ በ2 አማካይና በ4 አጥቂ ተሰልፈው ዓለምን አስደነቁ።

እንግዲህ አቶ ይድነቃቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወቱት ከ1928 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ 23 ዓመት ነው። ዓለም ከአንዱ ስልት ወደ ሌላው የተሸጋገረበትን ዘመን በሙሉ ሜዳ ላይ ሆነው አሳለፉት ማለት ነው። በ365 ግጥሚያዎች 318 ጐሎች አግብተዋል። ለአገራቸው ብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ቊጥሩን ላየው ሰው በአማካይ በየግጥሚያው ወደ አንድ ጐል የሚጠጋ ነው። ከጐሎቹ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን 23ቱ ዓመት ነው። የ14 ዓመት ልጅ በእግሩ ፍጥነት ያገባል። የ36 ዓመት ሰው ግን ከ20 ዓመት ተከላካይ ጋር እሽቅድምድም ቢገጥም እንደማያዋጣው የታወቀ ነው። ሩጫ ብቻ ማንንም ይህን ያህል ዓመት በአጥቂነት አያቆይም። መቼ መቆም፣ መቼ ማቀበል፣ የት ቆሞ መጠበቅ እንደሚገባ ያልተማረ አጥቂ በ30 ዓመቱ ተመልካች ይሆናል።

ሌላም ሥራ ነበራቸው። ኳስ እየተጫወቱ ሳሉ የኢትዮጵያ ስፖርት መሥሪያ ቤቶች እንዲቋቋሙ ከደከሙት ሰዎች መካከል ነበሩ። የስፖርት ደንቦችን ወደ አማርኛ መልሰዋል። ይህ ቀላል ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ አንድ የጨዋታ ሕግ አንሥቶ በቃል ሳይሆን በወረቀት ላይ በአማርኛ ለማስረዳት ይሞክር። በየክፍለ ሀገሩ ያለ ዳኛ ፊሽካውን ሲነፋ ሁሉም በአንድ ሕግ እንዲነፋ ያስፈለገው እንዲህ ያለ ሥራ ነው።

በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ። መሥራቾቹ አራት አገሮች ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። የኢትዮጵያን ወገን ይዘው ከነበሩት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ናቸው። ወዲያውም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊደረግ ሆነ፤ ኢትዮጵያም ከደቡብ አፍሪካ ጋር እንድትጋጠም ተመደበች። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ግን ዘርን ከዘር የሚለይ ሕግ ስለ ነበረው ነጮችንና ጥቁሮችን በአንድ ቡድን አሰልፎ ለመላክ እምቢ አለ። ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ ካልሆነ አይሆንም አለ። የቀሩት ሦስቱ አገሮች ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች።

ከዚህ የተነሣ ኢትዮጵያ አንድም ኳስ ሳትመታ ለዋንጫ አለፈች። በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ጐል ያገባው አድ ዲባ የተባለው አንድ ሰው ነበር። ሳይጫወቱ ማለፍ ከዚያም በ4 ጐል መሸነፍ ለማንም አያስደስትም። በካርቱም የተደረገው ነገር ግን ከዋንጫው ይበልጣል። ገና አራት አባል ብቻ ያለው ማኅበር፣ ያውም በተመሠረተበት ሳምንት፣ ከአራቱ አንዱን ለማጣት ቆረጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ይድነቃቸው የሚያጠቁበት ሜዳ ሣር የሌለው፣ ጠረጴዛና ወንበር የተደረደረበት ሆነ። በዚህ ሜዳ ኳሱ የድምፅ ብልጫ ነው።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ስለ 1954 ዓ.ም. መናገር አለብኝ፤ ይህን የማያነሣ ጸሐፊ ኢትዮጵያዊ አንባቢ አይምረውም። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተደረገ፤ የብሔራዊ ቡድናችንም አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ሆኑ። መጫወት ካቆሙ ገና 4 ዓመት አልሞላቸውም። ጐል በማግባት የኖረ ሰው ከመስመር ውጭ ቁጭ ብሎ ሌላው ሲስት ማየት እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቀው ያየው ብቻ ነው። ቡድኑ ከኤርትራም ከመሀል አገርም የተውጣጣ ነበር። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎ፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ፣ ተክሌ ኪዳኔና ሌሎችም ነበሩበት። በመጀመሪያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸነፉ። ጥር 13 ቀን፣ ሕዝቡ ጥምቀትን ካከበረ በሁለተኛው ቀን፣ ከተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለት ከግብፅ ጋር ለፍጻሜ ቀረቡ። ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ነበረች።

ግብፅ አስቀድማ አገባች። ተክሌ አቻ አደረገ። ደስታው ሳያልቅ ግብፅ ደግማ መራች። ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሉቻኖ 2 ለ 2 አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። 4 ለ 2 ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱም ዋንጫውን ለአምበሉ ሰጡ። ከአምስት ዓመት በፊት በካርቱም 4 ለ 0 ያሸነፈችን ያችው ግብፅ መሆኗን አንባቢ አይርሳ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ይህን ዋንጫ ደግማ አልወሰደችም።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ሜዳ እንመለስ። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በ1954 ዓ.ም. አግዶ ነበር። ፕሬዚዳንቱ እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ ግን ለደቡብ አፍሪካ ማኅበር ያደሉ ስለ ነበር በ1955 ዓ.ም. እገዳው ተነሣ። አፍሪካውያን ተነሡ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጉባኤ እገዳው እንደገና ተጣለ። ይህ የሆነው ከቅኝ ግዛት ነፃ የወጡ አዳዲስ የአፍሪካ አገሮች አባል ሆነው ድምፃቸው ስለ በዛ ነው። አቶ ይድነቃቸውም በዚህ ትግል ከፊት ከነበሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። በሜዳ አምስት አጥቂ በአንድ ላይ ሲነሣ ተከላካይ እንደሚበተን፣ በጉባኤም እንዲሁ ነው።

በዚያው ሰሞን ሌላ በደል መጣ። በ1958 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ ከ16ቱ ቦታ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺያንያ በአንድነት የተሰጠው 1 ቦታ ብቻ ሆነ። ይኸውም የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያው ጋር ተጋጥሞ ካሸነፈ ነው። የጋናው ኦሄኔ ጃንና አቶ ይድነቃቸው ይህን ተቃወሙ፤ 15 የአፍሪካ አገሮችም ከማጣሪያው ወጡ። ብዙዎች ይህ ለአፍሪካ ወጣቶች ጉዳት ነው ብለው ይሆናል፤ በእርግጥም ጉዳት ነበረበት። ሳይጋጠሙ የቀሩ ጥሩ ተጫዋቾች ያ ዕድል ተመልሶ አልመጣላቸውም። በዚያ የዓለም ዋንጫ ከሁሉ ብዙ ጐል ያገባው፣ 9 ያህል፣ ኤውዜቢዮ ነበር፤ እርሱም የሞዛምቢክ ተወላጅ ሲሆን የተሰለፈው ለፖርቱጋል ነው። ሆኖም ማመፁ ሠራ። ለ1962ቱ የሜክሲኮ ዋንጫ ለአፍሪካ ለብቻዋ 1 ቦታ ተሰጣት፤ ሞሮኮ ሄደች። በ1974 ዓ.ም. ሁለት ሆነ፤ አልጄርያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ካሜሩንም ሳትሸነፍ ተመለሰች። አሁን በ48 ቡድኖች ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ የተመደበው ቀጥተኛ ቦታ 9 ነው።

አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ድረስ 15 ዓመት መሩት። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴም አባል ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. ሰር ስታንሊ ራውስ በብራዚላዊው ጆአዎ ሃቬላንጅ ተሸንፈው ከፊፋ ወንበር ሲነሡ የአፍሪካ ድምፅ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። በሐምሌ ወር 1968 ዓ.ም. ደግሞ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት ፈጽሞ አስወጣ። ካርቱም ላይ የተጀመረው ነገር እዚህ ለመድረስ 19 ዓመት ፈጀ።

አቶ ይድነቃቸው ግን በአንድ ነገር ከዘመኑ ጋር መለወጥ ከብዷቸዋል ብዬ እገምታለሁ። የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ ክለቦች መፍለሳቸው በጣም ያስጨንቃቸው ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ አገር በአፍሪካ ዋንጫ ከ2 በላይ በውጭ የሚጫወቱ ሰዎችን እንዳያሰልፍ ደንብ ነበር፤ ይህም እስከ 1974 ዓ.ም. ቆየ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የየአገሩ ሜዳ ባዶ እንዳይቀር ነው። ነገር ግን የእኛ አገር አንባቢ ይህን ሲሰማ ሌላ ነገር ሳያስታውስ አይቀርም። ከወልቂጤና ከቡታጅራ እንዲሁም ከየገጠሩ ተነሥቶ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ሰው ስንት ነው? እርሱን ሄደ ብለን አንቆጥረውም። መስቀል ሲደርስ ይመጣል፤ እናቱም ጎረቤቱም ይጠብቁታል። ተጫዋችም ለእንጀራው ቢሄድ የአገሩን ማልያ ለመልበስ ተመልሶ እንዲመጣ በሩን ክፍት ማድረግ ይሻል ነበር፤ ኋላም የሆነው ይኸው ነው። በሌላ ወገን ሲታይ ግን ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። ዛሬ ልጆቻችን የአውሮፓን ክለቦች ተሰላፊ ከበረኛ እስከ አጥቂ በቃላቸው ሲጠሩ እንሰማለን። ወልቂጤ ከተማ በ2012 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ ሲጫወት የነበሩትን አሥራ አንዱን ጥሩ ብንላቸው ግን ስንቱ እንደሚጠራ አላውቅም።

በ1978 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሞሮኮ ምድቧን በአንደኝነት ጨርሳ ወደ ሁለተኛው ዙር ያለፈች የመጀመሪያዋ የአፍሪካ አገር ሆነች። አቶ ይድነቃቸው ይህን ለማየት በቅተዋል። በሚቀጥለው ዓመት፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ልጆች በየደጁ ቡሄ በሚጨፍሩበት ዕለት፣ በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

የደቡብ አፍሪካ የዘር ልዩነት ሕግ ሲፈርስ አልደረሱም። ደቡብ አፍሪካ በ1984 ዓ.ም. ወደ ኮንፌዴሬሽኑ ተመለሰች። በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በአገሯ አዘጋጅታ በጆሃንስበርግ ቱኒዝያን 2 ለ 0 አሸነፈች። በቡድኑ ውስጥ ጥቁሮችም ነጮችም በአንድ ማልያ ተሰልፈው ነበር። አምበሉ ነጩ ኒል ቶቪ ዋንጫውን ከፍ ሲያደርግ ኔልሰን ማንዴላ አጠገቡ ቆመው ነበር።